ሳይመለሱ የቀሩት

«ዩኒቨርሲቲው ራሱ መርምሮ ያድናል ብሏል እኮ! ወላሂ፣ በራቸው ላይ ለጥፈውታል» አለች ባጃጁ ውስጥ ከሩፈይዳ ጎን የተቀመጠችው ሴት፣ ጭኗ ላይ ያለውን የሽንኩርት ፌስታል እያቀፈች። ከወዲያ በኩል የተቀመጠችው ጓደኛዋ ከንፈሯን መጠጠች። «ታዲያ ሆስፒታል ምን ያስኬዳል? ካርድ ሲያወጡ ውሎ፣ ደም ሲሰጡ ውሎ። አባቦራ ዘንድ ሁለት ብርጭቆ ነው፣ አለቀ።» ሩፈይዳ ስለ ማን እንደሚያወሩ መጠየቅ አላስፈለጋትም። አባቦራ የእናቷ ታላቅ ወንድም ናቸው። እሳቸው ለወፍ በሽታ የሚሰጡትን መድኃኒት ላብራቶሪ ወስዳ የመረመረችውም ራሷ ነች። ያድናል ብላ ግን ለማንም አልተናገረችም። ልትልም አትችልም፤ አሁን ከላብራቶሪ የወጣችው የአይጦቹን ጉበት በዓይኗ አይታ ነው።

ጥናቱ ሁለት ክፍል ነበረው። አንደኛው አባቦራ ቁስል ላይ የሚያደርጉት ቅጠል ነው። እሱ ከጠበቀችው በላይ ሠርቷል፤ ሳህን ላይ ያሳደገችውን ጀርም አጥፍቶ ዙሪያውን ባዶ ሲያስቀር ያየች ቀን ደስታዋን መደበቅ አቅቷት ነበር። ሁለተኛው ለወፍ በሽታ የሚጠጣው የሁለት ሥሮች ድብልቅ ነው። ጉበታቸው እንዲታመም ከተደረጉት አይጦች ከፊሎቹ ድብልቁን ጠጡ፣ ከፊሎቹ ባዶ ውሃ። የመጀመሪያው ውጤት ሲመጣ ጥናቱን የሚመራው ዶክተር ጎሳዬ አላመነም፤ ስህተት ሊኖር ይችላል፣ ይደገም አለ። ተደገመ። ዛሬ ጠዋት ጎን ለጎን ቆመው የአይጦቹን ሆድ ከፈቱ። ውሃ ብቻ የጠጡት አይጦች ጉበት ጠይም ቀይ፣ ለስላሳ፣ ጤነኛ ነበር። ድብልቁን የጠጡት ግን ገርጥቶ፣ ነጠብጣብ አውጥቶ፣ ገና በጣት ሲነኩት ይፈረካከስ ነበር። ጎሳዬ ጓንቱን አውልቆ እጁን ብዙ ጊዜ ወስዶ ታጠበ። «ሪፖርቱን እንጽፋለን፣ ለኮሚቴው እናቀርባለን፣ ከዚያ ሽማግሌውን በክብር ጠርተን እንነግራቸዋለን። እስከዚያ ለቤተሰብም ቢሆን አንድ ቃል እንዳይወጣ። አይጥ ሰው አይደለም፣ ሩፈይዳ። ቸኩለን የሰው ስም ብናጠፋ መልሰን አናነሳውም።» እሺ ብላው ወጣች። ልክ ነው ብላም ነበር፣ ባጃጁ ውስጥ እስክትገባ።

አጎቷ ሰፈር፣ መንደራ ቆጪ ስትደርስ ወረደች። ለሾፌሩ ሃያ ብር ሰጠችው፤ ቤንዚን የለም፣ በጥቁር ገበያ ነው የምንቀዳው ብሎ መልሱን አስቀረ፤ አልተከራከረችውም። ሴትየዋ ያለችው ባነር በሞባይል ጠጋኙ ሱቅና በወፍጮ ቤቱ መካከል፣ በአጎቷ የቆርቆሮ በር ላይ ተወጥሮ ነበር። አረንጓዴ ነው። በቀኝ በኩል ነጭ ጋዋን ለብሳ የምትስቀው ሴት ራሷ ነች፤ ለእናቷ በቴሌግራም የላከችው ፎቶ ነው። ከፎቶው በላይ በትልልቅ ፊደል «የአባቦራ ባህላዊ መድኃኒት፣ በዩኒቨርሲቲ ምርምር የተረጋገጠ» ይላል። ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ የቆሙ ሰዎች አንዴ ፎቶውን፣ አንዴ እሷን ሲያዩ አስተዋለች። ሻሿን ወደ ግንባሯ ስባ በሩን ገፋችው።

ግቢው ውስጥ የወትሮው አግዳሚ ላይ ሰዎች ተደርድረዋል። አንዲት ሴት ልጇን ጡት ታጠባለች፤ ሁለት ሽማግሌዎች ስለ ቡና ዋጋ ያወራሉ፤ ዘንድሮ እሸቱ ጥሩ ያወጣል፣ ነጋዴው ግን ገና ከአሁኑ ሚዛን ያጭበረብራል ይላሉ። የአጎቷ ልጅ ሙርሺድ ከሳሎኑ በር ላይ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ለአንድ ሰው አቅጣጫ ይናገራል። ቡና ማጠቢያው ውስጥ የነበረው ሥራ ከቀረ ወዲህ የአባቱን ደንበኞች የሚቀበለው እሱ ነው። ሲያያት ፈገግ ብሎ በእጁ ግቢ አላት። አልገባችም፤ ስልኩን እስኪዘጋ እዚያው ቆማ ጠበቀችው።

«ፎቶዬን ማን ስቀል አለህ?»

«አሰላሙ አለይኩም አይቀድምም?» አለ እየሳቀ።

«ሙርሺድ፣ አረጋግጫለሁ ብዬሃለሁ? አንድ ቀን ከአፌ ወጥቷል?»

«ታረጋግጪው የለ? ዛሬ ሆነ ነገ ምን ለውጥ አለው?» ሳቁ ጠፋ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንቺ ለዲግሪሽ የአባቴን ሥር ወሰድሽ፤ ማንም ምንም አላለሽም። እኔ አንድ ፎቶ ብወስድ ኃጢአቱ ምንድን ነው? ቤተሰብ አይደለንም እንዴ?»

ልትመልስለት ስትል ከውስጠኛው ክፍል አንድ ሰው ሲያስመልሰው ሰማች። ደረቅ፣ ከሆድ ሥር የሚመጣ ድምፅ ነው። ሙርሺድ ዓይኑን ከእሷ አሸሸ። «ከሊሙ ገነት የመጡ ናቸው» አለ። «ማስመለሱ ደግ ነው፤ መርዙ ሲወጣ ነው።» ሩፈይዳ በጎኑ አልፋው ገባች።

ክፍሉ በልጅነቷ የምታውቀው ነው። ወለሉ ላይ የተነጠፈው ምንጣፍ ግን ሌላ ነው፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ ድምፁ የጠፋ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። ጥግ ላይ ባለው ፍራሽ አንዲት ወጣት ሴት በጎኗ ተኝታለች፤ ከሻሿ ሥር የሚታየው ፊቷና የዓይኗ ነጭ የበሰለ ማንጎ መስሏል። ሳሊሀ ትባላለች። ባሏ ኑሪ ጀርባዋን ደግፎ ጎድጓዳ ሳህን ይዞላታል። እሸት ቡና ከገበሬ የሚሰበስብ ሰው ነው፤ ቡናው በሚቀላበት፣ አንድ ቀን መጥፋት ለዓመት በሚቆጭበት በዚህ ሰሞን ሚዛኑን ጥሎ መጥቷል። ከፊት ለፊታቸው አባቦራ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው እግራቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው በርጩማ ላይ አንድ ብርጭቆ በስኒ ማስቀመጫ ተከድኖ ተቀምጧል። ሩፈይዳ ጎንበስ ብላ የአጎቷን እጅ ሳመች። «ኤሱማ፣ እንዴት አደሩ?» አለቻቸው፤ በአገሩ የእናት ወንድም እንዲህ ነው የሚጠራው። አልሃምዱሊላህ አሉ። እናትሽስ፣ ጉልበቷ እንዴት ሆነላት፣ ቤቱን ጨረሳችሁት ወይ እያሉ ጠየቋት፤ ደህና ናት፣ ተሽሏታል፣ ጣሪያው ቀርቷል እያለች መለሰች። ዓይኗ ግን ብርጭቆው ላይ ነበር።

ኑሪ ትኩር ብሎ ሲያያት ቆይቶ ፊቱ ፈካ። «አንቺ ነሽ! ባነሩ ላይ ያለሽው አንቺ ነሽ አይደል? እኛ አገር አንድ ክሊኒክ ግሉኮስ ሰካላትና ጅማ ውሰዳት አለኝ። ወደ ሆስፒታል ስናልፍ ነው ያየሁት። ‹በዩኒቨርሲቲ ምርምር የተረጋገጠ› የሚለውን ሳነብ ልቤ አረፈ። ባጃጁን እዚሁ አስቆምኩት።»

አባቦራ ቀና አሉ። ቁርዓን ይቀራሉ እንጂ የአማርኛውን ፊደል አያነቡም። «ምን ይላል አልክ?»

ኑሪ ደገመላቸው። አባቦራ በሩ ላይ ወደቆመው ልጃቸው ዞሩ። «ለእኔ የመድኃኒት ቤት ነው የሚለው አላልከኝም?» ሙርሺድ ምንጣፉን አየ። ሽማግሌው ቆጣ አላሉም። ፊታቸውን ቀስ አድርገው ወደ ሩፈይዳ መለሱ፤ ውስጡ ቅሬታም ደስታም ያለበት ድምፅ አወጡ። «ተረጋግጧል እንዴ ልጄ? ሳትነግሪኝ?»

ጎሳዬ ያላት ሁሉ ጆሮዋ ላይ ነበር። ኮሚቴው፣ ሪፖርቱ፣ በክብር ጠርተን። «ስንት ጠጣች?» አለች ማንን እንደምትጠይቅ ሳታውቅ። ሙርሺድ አንዱን ጠዋት ጠጥታለች፣ ሁለተኛው ከዙህር ሶላት በፊት ነው አለ። ሩፈይዳ ከበርጩማው ላይ ብርጭቆውን አነሳችው። ማስቀመጫው ወድቆ ምንጣፉ ላይ ተንከባለለ።

«ይሄን እንዳትጠጣ» አለች። «ኤሱማ፣ አልተረጋገጠም። የጠጡት አይጦች ባሰባቸው። ሁለት ጊዜ ነው የሠራነው። ዛሬ ጠዋት ጉበታቸውን አይቼ ነው የመጣሁት።»

ሙርሺድ ወደ ክፍሉ ዘለቀ። «አይጥ! ሰው በታመመበት ቤት ስለ አይጥ ታወራለች! ከአያታችን ጀምሮ በዚህ በር ገብቶ የዳነውን ሰው አይጥ ነው የሚያስተባብለው?» ኑሪ ሳህኑን አስቀምጦ ተነሳ። አንዴ ሙርሺድን፣ አንዴ ሩፈይዳን ያያል። «ምንድን ነው የምትሉት? ውጭ ፎቶሽ ያድናል ይላል፤ ውስጥ ገብተሽ ይገድላል ትያለሽ። የቱን ልያዝ?» አባቦራ እጃቸውን አነሱ። አግዳሚው ላይ ያሉት ሽማግሌዎችም ስለ ቡናው ማውራታቸውን አቆሙ።

«አይጥና ሰው አንድ ነው?» ብለው ጠየቋት አባቦራ።

«አይደለም። ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ በእርግጠኝነት አላውቅም፣ ኤሱማ። ለማወቅ ብዬ ግን እሷ ስትጠጣ ቆሜ ማየት አልችልም።»

«ጥቂት የጠጡትስ?»

«ጥቂት ጎዳቸው። አልጠቀማቸውም።»

ሽማግሌው ጺማቸውን ይዘው ቆዩ። ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ አውቃዋለች፤ ባይጠይቋት ብላ ተመኘች። «ምንም ያልጠጡትስ?» አሉ።

«ዳኑ።»

«ምንም ሳይሰጣቸው?»

«ውሃ ብቻ። ጉበት ብዙ ጊዜ ካልነኩት ራሱን ያድናል።»

ከወፍጮ ቤቱ የሚመጣው ጩኸትና የሳሊሀ ትንፋሽ ይሰማል፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰዎች ድምፅ አልባ ይስቃሉ። አባቦራ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው መዳፋቸውን ያዩ ነበር። ሲናገሩ ለማንም የሚናገሩ አይመስሉም። «የዳነ ሰው አይመለስም እል ነበር» አሉ። «ማር ይዞ፣ ፍየል እየጎተተ ሊያመሰግን የሚመጣ አለ። የማይመጣው ይበዛል። ተሻለው፣ ሥራ ያዘው፣ ረሳን እል ነበር። የት ደረሱ ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኩም።»

ሳሊሀን እንደገና ማስመለስ ታገላት፤ ምንም አልወጣትም። የባሏን ሱሪ ጫፍ ያዘች። «ማሎ፣ እባክህ ኑሪ» አለች በደከመ ድምፅ። «ወደፈለግህበት ውሰደኝ፤ ብቻ በላዬ ላይ አትጨቃጨቁ።» ኑሪ ጎንበስ ብሎ እንደ ሕፃን አቀፋት። በሩ ጋ ሲደርስ ሙርሺድን በትከሻው ገፋው። «አንተም ትመጣለህ። የሰጠሃትን ለሐኪሙ አንተው ትናገራለህ።» ከዚያ ወደ ሩፈይዳ ዞሮ፣ ጮክ ሳይል፣ «ጠዋት የት ነበርሽ?» አላት። ሩፈይዳ ባጃጅ ለማስቆም ሮጣ ወጣች።

የሆስፒታሉ የድንገተኛ ክፍል ኮሪደር ላይ ሰው ከግድግዳ ግድግዳ ሞልቷል። ሳሊሀን ተራዋን ሳትጠብቅ ያስገባት የዓይኗ ቀለም ነው። የተቀበለቻቸው ሐኪም ሔራን ትባላለች፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ቃል የማታባክን ሴት ነች። ደም አስቀድታ፣ ክንዷ ላይ ግሉኮስ አስተክላ ወደ ኮሪደሩ ወጣችና ምን እንደጠጣች ጠየቀች። ሩፈይዳ ሁለቱን ሥሮች በስማቸው ነገረቻት፣ አይጦቹ ላይ ያየችውንም ጨመረች። ሔራን ሰምታ ስታበቃ «ሌላስ? ይኸው ብቻ ነው?» አለች። ሩፈይዳ አዎ ልትል አፏን ስትከፍት ሙርሺድን አየችው። ግድግዳውን ተደግፎ ላቡን ይጠርጋል።

«ሦስተኛ አለ» አለ። «አባዬ ከሱብሂ ሶላት በኋላ በር ዘግተው ብቻቸውን ነው የሚወቅጡት። እኔ ዱቄቱን ነው የማየው። ምን እንደሆነ አላውቅም።»

ሩፈይዳ ወደ ሙርሺድ ዞረች። ያ ሁሉ ጥናት፣ ያ ሁሉ አይጥ፣ ብርጭቆው ውስጥ ስላለው ነገር ሙሉውን አልነገራትም ማለት ነው። ሔራን ሙርሺድን ለአፍታ ካየችው በኋላ «አባትህ ጋ ደውል፤ እሱን ሳላውቅ የምሰጣትን መምረጥ አልችልም» አለችው። አባቱ ስልክ አይዙም። ኑሪ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ይህን ሲሰማ ተነስቶ የሙርሺድን ኮሌታ ጨመደደው፣ ሰዎች መሀል ገቡ፣ ዘበኛ መጣ። በዚሁ ግርግር መካከል የሩፈይዳ ስልክ ነዘረ። ጎሳዬ ነው። የት እንዳለች ነገረችው። «ተናገርሽ?» አላት። ተናገርኩ አለችው። «ነገ ጠዋት ቢሮ ነይ» ብሎ ዘጋው። ድምፁ ውስጥ ቁጣ ይኑር ሐዘን መለየት አልቻለችም።

አባቦራ የመጡት ማንም ሳይጠራቸው ነው። በሰዎቹ መካከል ዱላቸውን ተመርኩዘው ቀስ ብለው ሲመጡ ያየ ሁሉ መንገድ ይለቅላቸዋል፤ አንዳንዱ ያውቃቸዋል፣ ብድግ ብሎ እጃቸውን ይስማል። ሙርሺድ የኮሌታውን ቁልፍ እየፈለገ ነበር፤ ሲያያቸው እንደ ልጅ አቀረቀረ። ሩፈይዳ ሐኪሟ የምትፈልገውን ነገረቻቸው። ከዚያ ልትተወው ስላልቻለች «ለእኔ ሁለት ነው ያሉኝ፣ ኤሱማ» አለች።

«ሁለት ነው ያልኩሽ» አሉ። «ሦስተኛው ለሙርሺድ የተቀመጠ ነበር። አባቴ ሊሞት ሲል ነው በጆሮዬ የነገረኝ። እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ ብዬ ነበር።»

ሔራን ገባት። ወደ ቢሮዋ እያመለከተች ከፈለጉ ለብቻቸው ሊነግሯት እንደሚችሉ ገለጸችላቸው። አባቦራ የቢሮውን በር አዩ፤ ከዚያ ኮሪደሩን የሞላውን ሰው፤ ከዚያ ኑሪን። «ከማን እደብቀዋለሁ?» ብለው የተክሉን ስም በኦሮምኛ ተናገሩ። የት እንደሚበቅል፣ ቅጠሉ ምን እንደሚመስል፣ ምን ያህል እንደሚጨምሩ ሁሉንም ጮክ ብለው፣ ሳያቋርጡ ተናገሩ። ሔራን መዝግባ ወዲያው ወደ ስልኳ ሄደች። ሙርሺድ አባቱን አፉን ከፍቶ ይመለከት ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ እስኪነገረው የጠበቀውን ነገር አንዲት የማያውቃት ነርስ፣ አንድ ዘበኛና ተራ የሚጠብቅ ሕዝብ አብረውት ሰሙት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አባቱ እጃቸውን ወደ ትከሻው ዘረጉ፤ ሳይደርሱ መልሰው ሰበሰቡት።

ከአስር ሶላት በኋላ ሔራን ተመልሳ መጣች። በሽታው የጉበት ቫይረስ ነው፤ የጠጣችው ነገር አክብዶባታል፤ ግን አንድ ብርጭቆ ብቻ ስለሆነ፣ ምን እንደሆነም ስለታወቀ ተስፋ አለ። ሁለተኛው የደም ምርመራ ከመጀመሪያው አልከፋም። ሳሊሀ ነቅታለች፣ አፌን ደረቀኝ ብላ ውሃ ጠጥታለች፣ ውሃውም ሆዷ ውስጥ ቆይቷል። ለጥቂት ቀናት ትተኛለች። ኑሪ ይህን ሲሰማ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ማንንም አላመሰገነም፤ ማንንም አልረገመም። እንደቆሙ የቀሩትን ሽማግሌ ሲያይ ግን አግዳሚው ላይ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀላቸው። አባቦራ ተቀመጡ። ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀምጠው ወለሉን አዩ።

ወደ ቤት ሊመለሱ ሲነሱ ሙርሺድ እዚሁ እቆያለሁ፣ መድኃኒት ቢታዘዝ የሚገዛ ሰው ያስፈልጋል አለ። ሩፈይዳ አጎቷን ባጃጅ ውስጥ አስገብታ አጠገባቸው ተቀመጠች። ስለ ቁስሉ ቅጠል ነገረቻቸው፤ እሱ በእርግጥ እንደሚሠራ፣ ሳህኑ ላይ ያየችውን፣ ጎሳዬ እንኳ ተገርሞ እንደነበር። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ይስሙ አይስሙ አላወቀችም። መንገዱ ላይ ከትምህርት ቤት የተለቀቁ ልጆች፣ ጀበና የጫነ ጋሪ፣ የጫት ሱቆች። ሰቶ ሰመሮ የሚባለው ሰፈር ሲደርሱ የሾፌሩን ትከሻ በዱላቸው ነካ አደረጉት። «አቁም፣ እዚህ ጋ የማውቀው ቤት አለ» አሉ። «አንዲት ቲቲ የምትባል ነበረች። ባለፈው ክረምት ዓይኗ እንዲህ ሆኖ መጥታ ሁለቱንም ብርጭቆ ጠጥታለች። አልተመለሰችም።»

በሩን የከፈተላቸው ከተማ የሚባለው ባሏ ነው። አናጢ ነው፤ ፀጉሩና ቅንድቡ ላይ የጣውላ ብናኝ ተቀምጧል። ሽማግሌውን ሲያይ ዓይኑ በራ። «አባ! እርስዎ እኔ ቤት? ይግቡ፣ ይግቡ እንጂ!» እጃቸውን በሁለት እጁ ይዞ አስገባቸው። ሳሎኑ ግማሹ ቤት፣ ግማሹ ሥራ ቦታ ነው፤ ራስጌው ያልተገጠመ አልጋ ግድግዳው ላይ ተደግፏል፣ ቫርኒሽ ይሸታል። ከሶፋው በላይ የአንዲት ፈገግ ያለች ሴት ትልቅ ፎቶ ዙሪያው በፕላስቲክ አበባ ተከቦ ተሰቅሏል። ሩፈይዳ ፎቶውን አየችና ቆመች። አባቦራም አዩት፤ ዱላቸውን አጥብቀው ያዙት።

«ከእርስዎ ዘንድ በመጣች ሰሞን ነው ያረፈችው» አለ ከተማ፣ ከመቀመጫው ላይ ብናኙን በእጁ እያራገፈ። «መጥቼ ልነግርዎ ስል፣ ሐዘኑ፣ ሥራው፣ እንዲሁ ቀረሁ። ይቅር ይበሉኝ። እስከ መጨረሻዋ ስምዎን እንደጠራች ነው። እርስዎ ባይኖሩ ያችን ትንሽ ጊዜ እንኳ አናገኛትም ነበር፤ እኔ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምለው።» ለስላሳ ልግዛ ብሎ ወደ በሩ ሄደ።

ሩፈይዳ ልትነግረው ወደ እሱ ዞረች። ሆኖም አባቦራ መዳፋቸውን ክንዷ ላይ አሳረፉ። «ተይ» አሏት በቀስታ። «አንቺ ዛሬ የድርሻሽን ተናግረሻል።»

ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ከተማ፣ ልጄ፣ ለስላሳው ይቅር። ተመለስና አጠገቤ ተቀመጥ። የምነግርህ አለኝ፤ ስለ ቲቲ ነው።»